የታፓን ሚስት

ሻሉክዳንጋ
ባድሮ ወር በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ በአገራችን አቆጣጠር 1431

ለእማ ልጅ፣

ከሩቅ ሆኜ እግርህን ነክቼ ሰላም እልሃለሁ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ዝናብ ሲመጣ የሚነሣብህ ሳል ተወህ ወይስ አሁንም አለ? ሱራት ደረቅ አገር ነው ይላሉ፤ ከሆነ ለደረትህ ደግ ነው።

ይህን ደብዳቤ ስታይ አድራሻዬን ማን ሰጣት ብለህ መደንገጥህ አይቀርም። አትደንግጥ። ልወቅስህ አይደለም የጻፍኩት። መውቀስ ብፈልግ ስልክህ ከጠፋ ጀምሮ ስምንት ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበረኝ፤ ወርቅ ልትሠራ ሱራት ስትሄድ በሰጠኸን በአሮጌው አድራሻህ የላክኋቸው ደብዳቤዎችም ማኅተም ተመቶባቸው እየተመለሱ ሣጥን ሞልተዋል። የጻፍኩት ለእማ ብዬ ነው። እማ ሞተሃል ብላ አልቅሳብህ አልጋ ይዛለች። እህል የምትቀምሰው እኔን ላለማስቀየም ያህል ነው። ሐኪሙ መጥቶ አይቷት በሽታዋን አጣው፤ እኔ ግን አላጣሁትም። ድምፅህን በጆሮዋ ካልሰማች ለሚመጣው የእናት ዱርጋ በዓል የምትደርስ አይመስለኝም። ስልክ ደውልላት። የምለምንህ ይህን ብቻ ነው።

የቀረው ወሬ ነው። ግን ወሬውን ሳትሰማ ብትደውል ምን እንደምትላት ግራ ይገባሃልና ከሥሩ ልንገርህ።

ሻሉክዳንጋን ብታያት አታውቃትም። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የስልክ ማማ ተተክሏል። ካህኑ የጾም ቀን የሚቆጥረው ከስልኩ ላይ ነው፤ ባትሪው ሲያልቅበት እኛም ጾሙን ሳናውቅ እንውላለን። አመሻሽ ላይ ሴቱ ሁሉ በየደጁ ይነፋው የነበረውን የዛጎል መለከት አሁን የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ቀድቶ በድምፅ ማጉያ ይለቅልናል። እኔ ግን ዛሬም እነፋለሁ። ጎረቤቶቹ ሱሻማ ከማሽን ጋር ትፎካከራለች እያሉ ይስቁብኛል። እኔ እቴ ምን ፉክክር አለኝ፤ የለመደ አፍ አርፎ አይቀመጥም፣ ያ ነው ነገሩ።

የእማ ዓይን ካቻምና ጭራሽ ጠፋ። የስልክ ነገር የመጣውም በዚያው ሰሞን ነው። ልጄ ይደውልልኛል ብላ አንዲት ትንሽ ስልክ አስገዛችኝና በገመድ አንገቷ ላይ አንጠለጠለቻት። አረንጓዴውን ቁልፍ በጣቷ ዳብሳ ማግኘት ከእኔ ይልቅ እሷ ትችልበት ነበር። በጠራ ቁጥር “ልጄ ነህ?” ብላ ነው የምታነሣው። አብዛኛውን ጊዜ የስልክ ኩባንያው ማስታወቂያ ነው። እሷ ግን እስከ መጨረሻው ታዳምጠውና “እግዜር ይስጥህ” ብላ ትዘጋዋለች።

ችግሩን ያመጣው መዝገብ ነው። ካቻምና በዝናቡ ጊዜ፣ ቤተሰብ ሁሉ በኮምፒውተር ይመዘገባል ተባለና አንድ ሰው ታብሌት ይዞ በየቤቱ ዞረ። ከከተማ የመጣ ነው፤ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው ከጡብ ወደ ጡብ እየዘለለ ግቢያችን ገባ። እማ ያን ቀን ወንድሟ ቤት ነበረች። እሷ ብትኖር ስምህን በአንድ ትንፋሽ ትነግረው ነበር፤ እናት ምን ገዷት። እኔ ግን እንዴት ብዬ? ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ዕለት ጓዳ አስገብታ፣ የባልሽ ስም ከአፍሽ የወጣ ቀን ዕድሜው ያጥራል ያለችኝ ራሷ እማ ናት። ሃያ አራት ዓመት አላወጣሁትም። ያወጡልህ ስም የፀሐይ ስም ስለሆነ፣ በዚያ ስም ፀሐይዋንም ጠርቻት አላውቅም።

ሰውየው የባል ስም ሲለኝ ጣቴን ወደ ሰማይ ቀሰርኩ። የስራቦን ወር ነው፤ ሰማዩ ድፍን ብሏል።

“ደመና?” አለኝ።

“ከበስተኋላው ያለው” አልኩት።

ሳቀ። ገብቶኛል፣ የእናቴም ነገር እንዲሁ ነው አለና መስታወቱን በጣቱ ጠቅ ጠቅ አደረገው። የጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ እኔ ምኑን አውቄው። ስልክ ቁጥር ሲለኝ የእማን ሰጠሁት፤ አውራ ጣትሽን አስቀምጪ ሲለኝ አስቀመጥኩ። ፀሐይ በቋንቋችን አንድ ስም ብቻ ቢኖራት ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ።

ካርዱ ከአራት ወር በኋላ ሲመጣ በእኛም ፊደል ተጽፎበታል። ስም ሱሻማ ማይቲ፣ ባል ታፓን ማይቲ ይላል። ታፓንም ፀሐይ ነው፤ ሰውየው ፈጽሞ ተሳሳተ ለማለት ይቸግራል። ግን መረብ ሠሪውን ታፓንን ታስታውሰዋለህ፣ ዓሣ የማይፈራው ዓሣ አጥማጅ እያልክ የምትቀልድበትን። የመንደሩ እኩሌታ የቤተሰብ ስሙ ማይቲ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ሁለታችንን አጣምሮ ቁጭ አደረገን።

ወሬው አንድ ቀን አልፈጀበትም። ሚስቱ ካሊዳሲ በማግስቱ ግቢያችን መጥታ ወገቧን ይዛ ቆመች።

“ባሌን ከወሰድሽ አይቀር መረቡንም አብረሽ ውሰጂ” አለችኝ። “ማንኮራፋቱንም አልነፍግሽም።”

አጥር ላይ ተሰብስቦ የነበረው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከሄድክ ወዲህ ያን ያህል የሳቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ላስተካክለው ብዬ ሁለት ጊዜ ወረዳ ሄጄ ሲስተም የለም ተብዬ ተመለስኩ። ከዚያ ተውኩት። ካርዱን ማን ያየዋል ብዬ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

በዘንድሮው ቦይሻክ፣ ገና አዲሱ ዓመት ሲገባ፣ ታፓን ሞተ። መረብ እየጠገነ ሳለ ልቡ ቆመ፤ መርፌው ከእጁ እንኳ አልወደቀም። ካሊዳሲም እንደ ደንቡ ሄዳ ሞቱን አስመዘገበች።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ እኔ ገበያ በሄድኩበት የእማ ስልክ ጠራ። እንደ ልማዷ “ልጄ ነህ?” ብላ አነሣችው። የተቀዳ የሴት ድምፅ ነው። ማሽኑ በማግስቱ መልሶ ደውሎ ስለነበር እኔም በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ክብርት ሱሻማ ማይቲ፣ በባለቤትዎ ሞት የተሰማንን ኀዘን እንገልጻለን፤ በመበለትነት ለመመዝገብ ካርድዎን ይዘው ይቅረቡ ይላል። እማ የሰማችው ይህን ነው። የሱሻማ ባል ማለት ለእሷ አንተ ነህ። ሌላ ማን ሊሆንባት ይችላል?

ከገበያ ስመለስ ዋይታዋ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ሴቶቹ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ቅርጫቴን ሳላወርድ አንደኛዋ እጄን ያዘች፤ የባለትዳር ምልክቴን፣ የዛጎል አምባሬን ሰብራ በፀጉሬ መሀል ያለውን ቀይ ቀለም ልትጠርግልኝ ድንጋይና ውኃ አዘጋጅታለች። በክፋት አይደለም፣ ወጉ ነው። የሞተው ታፓን ነው ብዬ ለማስረዳት ብሞክር፣ የታፓንን ሞት መንግሥት ለአንቺ ምን ብሎ ይነግርሻል አሉኝ። ካርዱን አውጥቼ አሳየሁ። የሚያነቡት ካርዱን ተቀባበሉት፤ የማያነቡት አላመኑም። አንዷም ከኋላ ሆና፣ ሰውየው ድሮም ሞቷል፣ እሷ ናት ደብቃን የኖረችው ስትል ሰማኋት።

እጄን ያስለቀቀችኝ ካሊዳሲ ናት። የመበለት ነጭ ለብሳ፣ አምባር በሌለው ባዶ እጇ መጥታ በመሀላችን ገባች።

“ልቀቂያት” አለቻት። “የሞተው የእኔ ነው።”

ሴቶቹ ሄዱ። አምባሬም ቀረልኝ። ግን ከዚያን ቀን ወዲህ መንደሩ ባለትዳር ልሁን መበለት ለይቶ አያውቅም። የጎረቤታችን ልጅ ስትዳር ሙሽራይቱን እርድ የሚቀቡ ባለትዳር ሴቶች በየቤቱ ሲጠሩ የእኛን ቤት አልፈውት ሄዱ። ከአጥሩ ጀርባ ቆሜ ዘፈኑን ሰማሁት። ብቸኝነትን ድሮ የማውቀው መስሎኝ ነበር። አላውቀውም ነበር።

እማን ግን ምንም ማድረግ አቃተኝ። ስልኩን ከአንገቷ በጥሳ ጣለችው፤ አሁን እኔ ጋ ነው። ካርዱን፣ ስሙን፣ ታብሌት ይዞ የመጣውን ሰውዬ፣ ሁሉንም ደጋግሜ ነገርኳት።

“አንቺማ ልታጽናኚኝ ነው” አለችኝ። “ማሽኑ ግን ለምን ይዋሻል? ምን ተጠቅሞ?”

ስለዚህ የግድ አንተን ማግኘት ነበረብኝ። ባለፈው ወር ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ትልቁ መዝገብ ያለበት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሲስተሙ ነበር። መስኮቱ ላይ የተቀመጡት ጋሼ ኒኩንጆ የሚባሉ ሽማግሌ ቢጤ ናቸው፤ መነጽራቸው በክር የታሰረ። ነገሩን ሁሉ ሰሙኝና ቀላል ነው፣ የባልሽን ስም ንገሪኝ፣ አገሪቱን በሙሉ ፈልጌ አወጣልሻለሁ አሉኝ። ጻፊው ብለው ወረቀት ሰጡኝ። እስክሪብቶውን ያዝኩና ቆምኩ፤ እጄም እንደ አፌ ያን ስም አውጥቶት አያውቅም። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። አጠገቤ የቆመች አሮጊት የጨነቀኝ ምን እንደሆነ ገብቷት ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ፊቷን አዞረችልኝ። ያቺን ሴት እስክሞት አልረሳትም።

ከዚያ ጠራሁት። ጮክ ብዬ፣ ሙሉ ስምህን። ይቅር በለኝ። ድምፁ ሲወጣ የራሴ አልመስል አለኝ። የመጀመሪያ ሐሳቤ አሁን እዚያ ሱራት አንድ ነገር ሆኖ ይሆናል የሚል ነበር፤ ወርቁን የምታቀልጥበት እሳት እጅህ ላይ ሲፈስ ታየኝ። የዚያን ቀን አንዳች ነገር ደርሶብህ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ጋሼ ኒኩንጆ ስድስት ሰው በስምህ አገኙ። በአባትህ ስምና በትውልድ መንደርህ ሲያጣሩት አንድ ቀረ። ደስ አላቸው፤ ለእኔ ብለው ከልባቸው ደስ አላቸው።

“ይኸው፣ በሕይወት አለ! ሱራት፣ ወርቅ አንጥረኛ” ብለው ጮክ ብለው ማንበብ ቀጠሉ። “ሚስት፣ ሬካ...” ሲሉ ቀና አሉ።

አምባሬን አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ።

“እህቴ፣ ሻይ ልዘዝልሽ?” አሉኝ።

“ይጨርሱት” አልኳቸው።

“ልጅ አለሽ?”

“የለኝም።”

“እንግዲህ የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ ይላል” አሉኝ፤ ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ ላይ ሳያነሡ።

ሻዩን ጠጣሁት። ስኳሩ በዝቶበት ነበር። ሲረጋጉ ነገሩን አስረዱኝ፤ ማሽኑ ለአንድ ሰው ሁለት ሚስት አይቀበልም፣ የእኔን ባስገቡ ቀይ ያበራና ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። መብትሽ ነው፣ ክሰሺው ከፈለግሽ ቅጹን እኔ እሞላልሻለሁ አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው። ታዲያ ምን ብዬ ልመዝግብሽ ሲሉኝ እንዳለ ይተዉት አልኳቸው። አድራሻህን ብቻ በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ስለዚህ አትስጋ፤ ምንም ላይ አልፈረምኩም። በመንግሥት ዘንድ የታፓን መበለት ነኝ። ካሊዳሲ ከባሌ እኩሌታውን ሰጥቼሻለሁ ትለኛለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ይዛ ትመጣና አብረን እንበላለን። ከእማ በቀር የሚያናግረኝ ሰው ቢኖር እሷ ናት።

ቤት ገብቼ ለእማ በሕይወት አለ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አግኝቼዋለሁ አልኳት።

“ሞተ ያለኝም እሱ ነው” አለችኝና ወደ ግድግዳው ዞረች።

ስለ ሬካ አልነገርኳትም። ስለ ልጁም አልነገርኳትም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ባትመልስልኝም ግድ የለም። በትልልቅ ከተሞች ሴቶች ባላቸውን በስሙ ይጠራሉ ይባላል። ሬካስ ትጠራሃለች? ራት ቀርቧል፣ ና ስትልህ በስምህ ነው? ከሆነና አንተም እስከ ዛሬ ደህና ከሆንክ፣ እኔ ሃያ አራት ዓመት አፌን ይዤ ምን ስጠብቅ እንደኖርኩ አላውቅም። ይህን ሳስብ ሥራ እፈታለሁ፤ ሩዙ ምድጃ ላይ ያርርብኛል። አንዳንዴ ደግሞ ምናልባት ደህና የሆነው እኔ እዚህ ዝም ስላልኩለት ነው እላለሁ። ይህኛው ይሻለኛል፤ ስለዚህ እሱን ይዣለሁ።

ፖስታው ላይ ስምህን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ድሮ ይጽፍልኝ የነበረው ፖስተኛው ሐሪፓዳ ጡረታ ወጥቷል። ፊደሉ ቢንጋደድብህ የእጅ ልምድ ስለሌለው ነው።

አሁን ስለ ስልኩ። ቁጥሩን ከፖስታው ጀርባ ጽፌልሃለሁ። ከሰዓት በኋላ ወደ አሥር ሰዓት ግድም ደውል፤ እማ የምትነቃቃው ያን ጊዜ ነው። ደህና ነኝ እማ ብቻ ብትላት አታምንህም፤ ማሽንም እንዲያ ማለት ይችላል። ማሽን የማያውቀውን ንገራት። የሁለታችሁ ብቻ የሆነ፣ እኔም የማላውቀው አንድ ነገር አታጣም። ካመነችህ በኋላ ስለ ልጁ ንገራት። ዕድሜዋን ሙሉ ለልጅ ልጅ ስትሳል ኖራ እኔ ልሰጣት አልቻልኩም፤ ስታጣውም አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣትም። ይከፋታል ብለህ በእኔ ምክንያት አትደብቃት። ስሙንም ንገራት፤ ጋሼ ኒኩንጆ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

እናት ዱርጋ ደረትህንና እጅህን ትጠብቅልህ። እሳት አጠገብ ስትሠራ ልብህ ሌላ ቦታ አይሂድ። ለልጁ በረከቴ ይድረሰው፣ ዕድሜ ይስጠው፤ አንተን ይምሰል ብዬ ብመርቀው ሬካ የምትከፋ አይመስለኝም። ለእሷ የምለው ገና አላገኘሁም። ሳገኝ እጽፋለሁ።

ስልኩን የማነሣው እኔ ነኝ። ለእኔ ምንም ማለት አይጠበቅብህም፤ እማን አቅርቢልኝ በለኝ፣ ይበቃል። ጆሮዋም ስለደከመ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ደረቷ ላይ አስቀምጥላትና እናንተን ትቼ እወጣለሁ። ሩቅ አልሄድም፤ ከመስኮቷ ሥር የተከልኩት ዱባ አለ፣ እሱን አርማለሁ። አረሙ ዘንድሮ በጣም ብዙ ነው። ስለዚህ ሱሻማ ትጠብቃለች ብላችሁ ወሬያችሁን አታሳጥሩት።

ሱሻማ